እንግዳው አሠልጣኝ ሲሄድ ምን አስረከበ?

እንግዳ በመጣ ቀን አገር ሁሉ ይቀበለዋል፤ በሰነበተ ጊዜ ግን ሥራውን ይመዝነዋል። ሚዛኑ ትክክል የሆነ እንደ ሆነ እንግዳውም አገሩም ይጠቀማሉ። ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ ግን እንግዳው ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል፤ አገሩም ሌላ እንግዳ ሲፈልግ ይኖራል።

ውድ አንባቢዎች፤ ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት በዚህ ሚዛን ላይ ስለ ወጡ አንድ የፖርቱጋል ሰው ነው። ስማቸው ማሪያኖ ባሬቶ ይባላል። ሥራቸው የእግር ኳስ አሠልጣኝነት ሲሆን፥ ከ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ እስከ 2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ድረስ የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን፥ ማለት ዋሊያዎቹን፥ መርተዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

«ሰቆጣ ተቀምጦ ስለ ፖርቱጋላዊ አሠልጣኝ መጻፍ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። በዚህች ከተማ በየቢሮው ጠረጴዛ ከተቀመጥነውና በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ከቆምነው መካከል ብዙዎቻችን ከሌላ ቦታ ተመድበን የመጣን ነን። አንዱ ከደሴ፥ አንዱ ከጎንደር፥ አንዱ ከደብረ ማርቆስ፥ ሌላውም ከሸዋ መጥቷል። «ስንት ዓመት ትቆያለህ?» ተብለን ስንጠየቅ «ዝውውር እስኪወጣልኝ» ብለን የምንመልስ ጥቂቶች አይደለንም። እንግዲህ በሰው አገር የሚሠራ ሰው ሥራው በምን ይለካል? ስንትስ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል? ሲሄድስ ምን አስረክቦ ይሄዳል? የሚለው ጥያቄ የአሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን የእኛም ጥያቄ ነው።

ፖርቱጋሎችና ደጋው አገራችን

ፖርቱጋል ለዋግና ለአካባቢው ሰው አዲስ ስም አይደለም። በ1512 ዓ.ም. ከመልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገራችን ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሲመለስ ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ ጻፈ። የጎረቤታችንን የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዝርዝር ለአውሮፓ ሰዎች ያስታወቀ እሱ ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ የሚገኘውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ያየ ሰው፥ ያ ቄስ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ሕንፃ ሲያይ ምን ያህል እንደ ተደነቀ መገመት አያቅተውም።

በ1533 ዓ.ም. ደግሞ የስመ ጥሩው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። በ1534 ዓ.ም. በኮረም አቅራቢያ፥ ወፍላ ላይ ከኢማም አሕመድ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፤ ተማርኮም ተገደለ። ከሞት የተረፉት ጓደኞቹ ግን ከዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ተባብረው በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ተዋጉ፤ ድሉም የእነርሱ ሆነ።

ይህን የድሮ ታሪክ ያነሣሁት ጦርነትን ከጨዋታ ጋር ለማመሳሰል አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አልቫሬዝ የሚታወሰው በጻፈው ነው፤ ክሪስቶቮ ደግሞ የጀመረውን ሥራ ፍጻሜ ሳያይ ቀርቷል። የዘራና ያጨደ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ይህንኑ ነገር አሁን በእግር ኳስ ሜዳ ላይ እናገኘዋለን።

ትንሿ አገር አሠልጣኝ የምትልከው ለምንድር ነው?

የፖርቱጋል ሕዝብ ቁጥር 10 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ከእኛ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ይህች አገር በዓለም ዙሪያ ከሚሠሩት ታላላቅ የእግር ኳስ አሠልጣኞች ብዙዎቹን አፍርታለች። ምክንያቱ ምንድር ነው?

አንደኛው ምክንያት አሠልጣኝነትን እንደ ማናቸውም ሞያ በትምህርት ስለ ያዙት ነው። ለምሳሌ ካርሎስ ኬይሮዝን እንውሰድ። በሞዛምቢክ የተወለዱ፥ በወጣትነታቸው በረኛ የነበሩ ሰው ናቸው። እንደ በረኛ ስማቸው የገነነ አልነበረም። የፖርቱጋልን ወጣቶች ቡድን ይዘው ግን በ1981 እና በ1983 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ወጣቶች ዋንጫን አገኙ። ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካን፥ ኢራንን፥ ኮሎምቢያንና ግብፅን አሠልጥነዋል፤ ኢራንንም በ2006 እና በ2010 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ አድርሰዋል።

ጆዜ ሞሪንዮ ደግሞ የበረኛ ልጅ ሲሆኑ ራሳቸው የታወቁ ተጫዋች አልነበሩም። ወደ ትልቁ ቤት የገቡት በአስተርጓሚነት ነው። እንግሊዛዊው ቦቢ ሮብሰን ወደ ፖርቱጋል መጥተው ሲያሠለጥኑ ቃላቸውን ለተጫዋቾች የሚተረጉሙት ሞሪንዮ ነበሩ። እየተረጎሙ ተማሩ፤ ተምረውም በ1996 ዓ.ም. በፖርቶ፥ በ2002 ዓ.ም. በኢጣልያው ኢንተር የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ አገኙ። አስተርጓሚነትን እንደ ዝቅተኛ ሥራ የሚቆጥር ወጣት ካለ ይህን ያስብ። ሌላ ሰው ሲናገር በጥሞና የሚሰማ ሰው ሁለት ደመወዝ እንደሚቀበል ነው፤ አንዱ ገንዘቡ፥ ሁለተኛው እውቀቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአገሪቱ ትንሽነት ራሱ ነው። ለተማረ አሠልጣኝ ሁሉ የሚበቃ ሥራ በአገር ውስጥ ስለማይገኝ ወደ ውጭ መውጣት ግድ ይሆናል። ከእነዚህ ስደተኞች የሞያ ሰዎች አንዱ ሚስተር ባሬቶ ናቸው።

በጋና የተዘራው

ሚስተር ባሬቶ ወደ እኛ ከመምጣታቸው ከአሥር ዓመት በፊት፥ በ1996 ዓ.ም.፥ ጋናን አሠልጥነዋል። በዚያ ዓመት ነሐሴ በአቴና ኦሊምፒክ የጋናን ወጣቶች ይዘው ቀረቡ። ከኢጣልያ ጋር ሁለት ለሁለት ተለያዩ፤ ፓራጓይን ሁለት ለአንድ አሸነፉ፤ በጃፓን ግን አንድ ለባዶ ተሸነፉ። ጋናና ኢጣልያ በነጥብም በግብ ልዩነትም እኩል ሆኑ። ኢጣልያ ግን አምስት ግብ አግብታ ጋና ያገባችው አራት ስለ ሆነ፥ ኢጣልያ አለፈች፥ ጋና ወደ አገሯ ተመለሰች። በአንዲት ግብ ምክንያት የአንድ ሰው ስም «ጎበዝ» ወይም «ሰነፍ» ተብሎ ሊጻፍ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በዚያው ዓመት ሰኔ የሚስተር ባሬቶ ቡድን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን በኩማሲ ሦስት ለባዶ አሸንፎ ነበር። ነገር ግን ማጣሪያው ሳያልቅ፥ በ1997 ዓ.ም.፥ ሚስተር ባሬቶ ጋናን ትተው ወደ አገራቸው ክለብ ወደ ማሪቲሞ ሄዱ። በእሳቸው እግር የተተኩት የሰርቢያው ራቶሚር ዱይኮቪች ናቸው። ዱይኮቪችም ጋናን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ አደረሷት። በ1998 ዓ.ም. ሰኔ በጀርመን አገር ጋና ቼክን ሁለት ለባዶ፥ አሜሪካን ሁለት ለአንድ አሸንፋ ወደ ሁለተኛው ዙር ስትገባ፥ አፍሪካ በሙሉ ተደሰተ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ፍርድ እንስጥ። ዱይኮቪች ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል፤ ክብሩ የእሳቸው ነው። ሦስት ለባዶ ያሸነፈው ቡድን ነጥብ ግን ከመዝገብ አልተፋቀም፤ ከድምሩ ውስጥ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ዘሪው እርሻውን ትቶ የሄደው ማንም ሳያባርረው በፈቃዱ ስለ ሆነ፥ ሌላው ቢያጭድበት ሊያማርር አይችልም። አገር ለእንግዳው ጊዜ መስጠት አለባት ስንል፥ እንግዳውም ለአገር ጊዜ መስጠት አለበት ማለታችን ነው። ውሉ ሁለት ወገን አለው።

ስድስቱ ጨዋታዎች

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ነበር። በ2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ተመለሰች። ጥር 13 ቀን በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ በረኛው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ በአሥር ሰው የቀሩት ዋሊያዎች፥ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር አንድ ለአንድ ተለያዩ። ጥር 13 ቀን ማለት ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን አራት ለሁለት አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ዕለት ነው። ልክ በ51 ዓመቱ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋሊያዎቹ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አንድ ደረጃ ሲቀራቸው በናይጄሪያ ተገቱ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት በአዲስ አበባ ሁለት ለአንድ፥ ኅዳር በካላባር ሁለት ለባዶ ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ጥር በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈው፥ አንዲት ግብም ሳያገቡ ተመለሱ። ሕዝቡ ትናንት በደስታ መንገድ ሞልቶ ያደረ፥ ዛሬ ተቆጣ። አቶ ሰውነት ተሰናበቱ፤ ሚስተር ባሬቶ ተጠሩ።

የተጠበቀባቸው ነገር ትልቅ ነበር። የወጣባቸውም ምድብ ቀላል አልነበረም። አልጄሪያ በዚያው ክረምት በዓለም ዋንጫ ጀርመንን እስከ ጭማሪ ሰዓት አድርሳ የተሸነፈች ብርቱ ቡድን ናት። ማሊም በአፍሪካ ስመ ጥር ናት። አራተኛዋ ማላዊ ነበረች። ስድስቱን ጨዋታዎች በተራ ልቁጠርላችሁ።

ጳጉሜን 1 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአልጄሪያ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዓመቱ የመጨረሻ ዕለት፥ በብላንታየር ማላዊ ሦስት ለሁለት አሸነፈችን፤ የዘመን መለወጫው ዋዜማ በዚህ አለፈ። ጥቅምት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማሊ ሁለት ለባዶ አሸነፈች። ከአራት ቀን በኋላ ግን፥ ጥቅምት 5 ቀን፥ በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ዋሊያዎቹ ማሊን ሦስት ለሁለት አሸነፉ። ኅዳር 6 ቀን አልጄሪያ በሜዳዋ ሦስት ለአንድ ረታችን። ኅዳር 10 ቀን በአዲስ አበባ ከማላዊ ጋር ባዶ ለባዶ ተለያየን።

ሒሳቡ እንግዲህ ይህ ነው፤ አራት ሽንፈት፥ አንድ ድል፥ አንድ እኩል ለእኩል። 7 ግብ ተገባ፤ 12 ግብ ተቆጠረብን። ከ18 ነጥብ 4 ብቻ አግኝተን የምድቡ መጨረሻ ሆንን። ሚስተር ባሬቶ በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ተሰናበቱ፤ በቦታቸውም አቶ ዮሐንስ ሣህሌ ተተኩ።

አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላሉ። በገና ዕለት ሎሌው ጌታውን በሩር ቢመታው ቂም የለም። በእግር ኳስ ግን ቂሙ ሁሉ የሚወርደው በአንድ ሰው ራስ ላይ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ 11ዱን ተጫዋቾች ማባረር ስለማይቻል፥ አሠልጣኙ ይባረራል። ይህ በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን በዓለም ሁሉ ያለ ልማድ ነው። ሆኖም ልማድ መሆኑ ትክክል መሆኑን አያስረዳም። ከሚስተር ባሬቶ በፊት በ2003 ዓ.ም. የነበሩት የስኮትላንድ ተወላጁ ኢፊ ኦኑራና ከእሳቸው ቀጥለው የመጡት የቤልጅጉ ቶም ሴንትፊት፥ አንዳቸውም በሥራው ላይ ዓመት አልሞሉም።

የአሠልጣኝ ጊዜ ስንት ነው?

የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሥራ ከትምህርት ቤት መምህር ሥራ ጋር ሲተያይ እንዴት ያለ ነው? እኛ መምህራን ተማሪውን በሳምንት አምስት ቀን፥ በዓመት ዐሥር ወር ያህል እናገኘዋለን። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ግን ተጫዋቾቹን የሚያገኛቸው ከክለቦቻቸው ተውሶ፥ ከጨዋታው በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ኳስ መቆጣጠርን ወይም በሁለቱም እግር መምታትን ሊያስተምር አይችልም። ይህ ዕውቀት በ10 እና በ12 ዓመት ዕድሜ በሰፈር ሜዳ የሚገኝ ነው። አሠልጣኙ ሊያደርገው የሚችለው ያገኘውን ሰው በየቦታው መደልደል፥ የተጋጣሚውን አካሄድ ማጥናትና ልብ መስጠት ነው። ስለዚህ ከታች ያልበቀለውን ከላይ ሆኖ ማጨድ አይቻልም።

በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። እንግዳው አሠልጣኝ በእንግሊዝኛ የተናገረው በአማርኛ እስኪደርስ ድረስ ቁጣው ይበርዳል፥ ቀልዱም ይጠፋል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። በዋግ ገጠር ከቤቱ ኽምጣኛ እየተናገረ የሚመጣውን ልጅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የምናስተምር መምህራን፥ የልጁ ዐይን በገባውና ባልገባው ጊዜ እንዴት እንደሚለያይ እናውቃለን። ጥቂት የኽምጣኛ ቃላት የተማረ መምህር በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ክፍል ያለው ይመስላል። ለዚህ ግን መሰንበት ያስፈልጋል።

የመሰንበትን ጥቅም ለማየት ወደ ካይሮ እንሻገር። ማኑኤል ጆዜ በፖርቱጋል ተጫዋች የነበሩ፥ ኋላም አሠልጣኝ የሆኑ ሰው ናቸው። በካይሮው አል አህሊ ክለብ መጀመሪያ ገብተው በ1994 ዓ.ም. የአፍሪካን የሻምፒዮኖች ዋንጫ አገኙ፤ ከዚያም ተለዩ። ክለቡ ግን መልሶ ጠራቸው። በ1996 ዓ.ም. ተመልሰው ከአምስት ዓመት በላይ ቆዩ፤ በ1998፥ በ1999ና በ2001 ዓ.ም. ያንኑ ዋንጫ ሦስት ጊዜ ጨመሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን አልተሸነፉም ማለት አይደለም። ክለቡ ከሽንፈት በኋላ አሠልጣኙን፥ አሠልጣኙም ከሽንፈት በኋላ ክለቡን አለመተዋቸው ነው ቁም ነገሩ። እርግጥ ክለብ ብሔራዊ ቡድን አይደለም፤ ተጫዋቾቹን በየቀኑ ያገኛል። የትዕግሥት ጥቅም ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ይህን ስል ሚስተር ባሬቶ ቢቆዩ ኖሮ በእርግጥ ዋንጫ ያመጡ ነበር ማለቴ አይደለም። እንዲህ ብሎ መናገር ጥንቆላ ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ በስድስት ጨዋታ የሰውን ሞያ መመዘን፥ ተማሪን በአንድ ሳምንት ፈተና ዐሥራ ሁለተኛን አለፈ ወይም ወደቀ እንደ ማለት ነው።

የእኛ ሰው በሰው አገር

እስካሁን እንግዳው ወደ እኛ ሲመጣ አየን። የእኛስ ሰው እንግዳ ሆኖ ወደ ሌላ አገር የሄደ እንደ ሆነ?

የመን በጦርነት በምትታመስበት ጊዜ ብሔራዊ ቡድኗን ያሠለጠኑት ኢትዮጵያዊው አብርሃም መብራቱ ናቸው። የየመን ተጫዋቾች በአገራቸው ሜዳ መጫወት ስለማይችሉ «በሜዳችን» የሚሉትን ጨዋታ የሚያደርጉት በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ ነበር። እንዲህ ባለ ችግር ውስጥ ያ ቡድን በማጣሪያው ስድስት ጨዋታ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ፥ መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ኔፓልን ሁለት ለአንድ አሸንፎ፥ የመን ከተዋሐደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አለፈ። በየመን ሰው ዘንድ እንግዳው አሠልጣኝ ኢትዮጵያዊ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አገራቸው ጠራቻቸው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዋሊያዎቹ ኮትዲቯርን ሁለት ለአንድ ሲያሸንፉ አሠልጣኙ አቶ አብርሃም ነበሩ። ነገር ግን ማጣሪያው ሳያልቅ ዘመናቸው አለቀ፤ ሥራውን አቶ ውበቱ አባተ ተረከቡ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ኢትዮጵያ በአቶ ውበቱ መሪነት ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች፤ በ2014 ዓ.ም. ጥርም በካሜሩን ተሰለፈች። የጋናው ታሪክ በእኛም ቤት ተደገመ ማለት ነው። አንዱ ዘራ፤ ሌላው ኮትኩቶ አጨደ። በባሕር ዳር የተገኘው ነጥብ ባይኖር፥ ኋላ የመጣው ድካም ብቻውን ባልበቃ ነበር፤ ኋላ የመጣው ድካም ባይኖርም የባሕር ዳሩ ደስታ የአንድ ቀን ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሳይሄዱ የቀሩትንም መርሳት አይገባንም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫ የወሰደውን ቡድን አሠልጥነዋል፤ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ ሆነው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ነበሩ። ተጫዋች፥ አሠልጣኝና መሪ ሆነው በአንድ ሞያ ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። የሥራቸው ውጤት በሰንጠረዥ ብቻ የሚቆጠር ሳይሆን፥ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሁሉ የገቡበት ቤት ነው።

ርክክብ

በመሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሁሉ ርክክብ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ሠራተኛው ሲዛወር ወንበር አንድ፥ ጠረጴዛ አንድ፥ የመዝገብ ሣጥን ሁለት፥ ማኅተም አንድ ተብሎ ይጻፋል፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይፈርማሉ። ማኅተሙ ቢጠፋ ሰው ይጠየቃል። ነገር ግን ሠራተኛው በሦስት ዓመት የተማረው፥ የትኛው ቀበሌ በየትኛው ወር መንገዱ እንደሚቆረጥ፥ የትኛው ሽማግሌ ነገር እንደሚያስታርቅ፥ የትኛው ልጅ ችሎታ እያለው በችግር ምክንያት ትምህርት ሊያቋርጥ እንደ ደረሰ በየትኛውም ቅጽ ላይ አይጻፍም። ሰውዬው ይዞት ይሄዳል። አዲሱም ከሀ ይጀምራል።

በብሔራዊ ቡድንም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። የውጤት ሰንጠረዡ 4 ነጥብ ይለናል። በባማኮ፥ በሰው ሜዳ፥ ከአራት ቀን በፊት ያሸነፈንን ቡድን እንዴት መልሰን እንዳሸነፍን ግን ሰንጠረዡ አይነግረንም። በእነዚያ አራት ቀናት ምን ተለወጠ? ማን ከየት ወደ የት ተዛወረ? ለተጫዋቾቹስ ምን ተነገራቸው? ይህ ነበር ለሚተካው ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት። እንግዲህ እንግዳ አሠልጣኝ ሲሰናበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ተሸነፈ?» ሳይሆን «ምን ጽፎ፥ ማንን አስተምሮ ሄደ?» መሆን ነበረበት። በእንግዳው ጎን ሁለት ሦስት የአገር ልጆች ረዳት ሆነው ቢቆሙ፥ እንደ ሞሪንዮ እየተረጎሙ ቢማሩ፥ እንግዳው ቢሄድም ሞያው አይሄድም።

እኛስ? ዋግ ድርቅና ጦርነት የተፈራረቁበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ ጉዳቱ በእጥፍ ነው። የሰቆጣ ልጆች ከትምህርት በኋላ ሁለት ድንጋይ ግብ አድርገው፥ የጨርቅ ኳስ በአቧራው ላይ ሲያሯሩጡ አያለሁ። ከመካከላቸው ወደ ቀኝ የሚያስመስል፥ በግራ የሚያልፍ ልጅ አይጠፋም። ይህን ልጅ የሚያሳድገው የአዲስ አበባው ትልቅ አሠልጣኝ አይደለም፤ በዚህ ያለው የስፖርት መምህር ነው። መምህሩ በዓመቱ ቢዛወርና የሚተካው ሰው የልጁን ስም እንኳ ሳያውቅ ቢቀር፥ ልጁ በዚያች ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለ ኳስ የምናገረው ስለ ሒሳብ፥ ስለ ጤና ጣቢያ፥ ስለ እርሻ ልማትም ያው ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎችና ለጀማሪ ሠራተኞች አንድ ነገር ላሳስብ። ነገ ተመድባችሁ ወደማታውቁት አገር በሄዳችሁ ጊዜ አንድ ደብተር ያዙ። በመጀመሪያው ገጽ ያገኛችሁትን ጻፉ፤ በመካከሉ የሞከራችሁትንና ያልተሳካላችሁን ሳትደብቁ ጻፉ፤ በመጨረሻው ደግሞ በእናንተ ቦታ ሊቆም የሚችል ያሠለጠናችሁትን የአገሬውን ሰው ስም ጻፉ። የዝውውር ደብዳቤ በደረሳችሁ ቀን ደብተሩን ከማኅተሙ ጋር አስረክቡ። አለቃ የሆናችሁ እንደ ሆነም ሠራተኛውን በስድስት ጨዋታ አታባርሩት፤ ከማሰናበታችሁም በፊት ደብተሩን አምጣ በሉት።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የእግር ኳስ ወዳጆችም፥ ዋሊያዎቹ የሚቀጥለውን አሠልጣኝ ሲሾሙ፥ ሰውዬው ከሊዝበን ይምጣ ወይም ከደሴ፥ «ዋንጫ ያመጣልን ይሆን?» ከማለታችሁ በፊት «ረዳቶቹ እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመልሱ ጥሩነት ከዋንጫው ቀድሞ ይታወቃል።